ከአጥሩ እስከ ዋርካው

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴ ሲብስብኝ ከሚሴ ካሉት ክሊኒኮች ወደ አንዱ ሄድኩ። ወረፋዬ ሲደርስ አንድ ልጅ እግር ነርስ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «ከዜሮ እስከ አስር ቢቆጠር ሕመምዎ ስንት ይሆናል?» አለኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለ። ነርሱ ዜሮ ሊጽፍ ጎንበስ ሲል ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ግራ ገባው። ያቺን ዜሮ እኔም በወጣትነቴ ስጽፋት እንደነበር በምን ይወቅ!

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ጨርሼ ሥራ ሳላገኝ፣ በእጄ የገባ ወረቀት ጀርባ ላይ ሁሉ ግጥም እየጻፍኩ ቤተሰቦቼን አስመርር ነበር። በዚያ ሰሞን የጉልበት ሕመም የሚያጠኑ ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያችን መጡ። የእግር ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሕመሙን ምን ያህል እንደሚያስታግሥ ለማወቅ ነበር የፈለጉት። አማርኛም ኦሮምኛም ስለምችል ጠያቂ አድርገው ቀጠሩኝ። ሕጋቸው ጥብቅ ነበር፤ ሰው ያለውን ብቻ መጻፍ፣ ከራስ አለመጨመር። ሕመሙ ከአራት በታች የሆነ ሰው ደግሞ ጥናቱ ውስጥ አይገባም።

ጥቅምት ነበር። የጨፋ ሜዳ ማሽላ ለብሷል፤ ከየጓሮው የሚጠበስ እሸት ይሸታል። እትዬ ዘሃራ ጎልማሳ ልጃቸውን ተደግፈው፣ በጨርቅ የቋጠሩትን እሸት ለእኛ ይዘው መጡ።

«አካም ቡልቴ?» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው። ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቅን። ከዚያ ሕመማቸውን ጠየቅሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምን እላለሁ» አሉ። ዜሮ ጻፍኩ።

ጥናቱን የሚመራው ፊዚዮቴራፒስት ታደለ ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ አገር ጉድ ነው! ሁሉም እያነከሰ ይመጣል፣ ማንንም ግን አያመውም። በይ ይቅርታ ጠይቀሽ ሸኚያቸው።»

ሸኘኋቸው። ሳይከፋቸው መረቁኝ። በሩ ላይ ሁለት ደረጃ ነበር። እትዬ ዘሃራ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ሕፃን ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው፣ አንድ አንድ እያሉ ወረዱ።

«ገበያ ከቀረች ዓመት ሊሆናት ነው» አለኝ ልጃቸው። «ቅቤዋን የምሸጥላት እኔ ነኝ።»

«ቅቤውንስ ይሸጣል!» አሉ ከታች ሆነው። «ወሬውን ግን አያመጣም። ማን አገባ፣ ማን ወለደ ስለው ‹እንጃ› ይለኛል። ገበያ ውሎ መጥቶ ‹እንጃ› ይባላል? አንድ ቀን እንኳ በእግሬ ደርሼ ብመለስ...»

ፊቴ ጋለ። እኔስ ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ‹እንዴት ነሽ› ስባል የምመልሰው ያንኑ ‹አልሐምዱሊላህ› አይደል? ቃል አውቃለሁ እያልኩ ስኩራራ፣ ከልጅነቴ የኖርኩበትን ቃል ወረቀት ላይ ሳሰፍረው አላወቅሁትም።

ወደ ታደለ ሮጥኩ። «ዜሮው የእኔ ስሕተት ነው።»

«እሳቸው አይደሉ ያሉት?»

«እሳቸው ፈጣሪያቸውን ነው ያመሰገኑት። ስለ ጉልበታቸው ገና አልነገሩንም።»

አዲስ ወረቀት አወጣልኝ። «እንግዲያው እኔ ባለሁበት ጠይቂያቸው።»

መልሼ አስቀመጥኳቸው። «እትዬ፣ ወደ ገበያ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያርፉት የት ነው?»

«ድሮ ሳላርፍ እገባ ነበር። ኋላ ድልድዩ ላይ አረፍ ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ዋርካው ሥር።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አሁን ግን አጥሬን ሳላልፍ ነው።»

«እዚያ ሲቀመጡ፣ አስሩ የምጥ ያህል ቢሆን፣ ሕመሙ ስንት ነው?»

«ስምንት። ምጥስ ልጅ ይሰጣል፤ ይሄ ምን ይሰጣል?» አሉና አከሉ፤ «አልሐምዱሊላህ።»

ታደለ ከት ብሎ ሳቀ። «በይ ዜሮዎችሽን በሙሉ ድገሚያቸው» አለኝ። ያን ሳምንት ቤት ለቤት ስዞር፣ በየበሩ እሸት ስበላ ከረምኩ።

እትዬ ዘሃራ ጥናቱ ውስጥ ገቡ፤ እንደታዘዙት በየቀኑ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከዱካ፣ ከአጭሯ የእንጨት መቀመጫ፣ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። የጎረቤት ልጆች ይቆጥሩላቸዋል። ማሽላው ሲታጨድ የመጨረሻው ልኬት ደረሰ፤ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ በሁለት ድንጋዮች መካከል ስድስት ደቂቃ መመላለስ። ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው ጀመሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ አንዲት የባቲ ዘመዳቸው በአጥሩ ጥግ ስታልፍ አዩና ቀጥ አሉ።

«አካም ቡልቴ? ሰላም ነው? ልጆቹስ? ግመሎቹስ?»

ታደለ ዘለለ። «ይራመዱ እንጂ እትዬ! ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

«ይሂዳ! ለሰዓትህ ብዬ ሰው ሰላም ሳልል ልለፍ?»

ልኬቱ ተበላሸ። አርፈው እንደገና ሲጀምሩ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ በእሳቸው ስም ሰላም አልኩ። ስድስቱን ደቂቃ አንዴም ሳይቆሙ ጨረሱ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዋርካው ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ቅቤያቸውን አዝለው፣ ቀስ ግን ቀጥ ብለው መጡ። ያርፋሉ ብዬ ቦታ ለቀቅሁላቸው። አለፉኝ።

«ምን ያስቀምጥሻል?» አሉኝ ዞር ብለው። «ጉልበትሽን አመመሽ እንዴ?»

እንግዲህ ክሊኒኩ ውስጥ ያሳቀኝ ይሄ ነበር። «ቆይ አትጻፍ» አልኩት ነርሱን፤ «እሱ ምስጋናዬ ነው። ሕመሙን ገና አልነገርኩህም።» እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠበቀኝ። ጨፋ ካለችው እህቴ ቤት ስመለስ ዋርካው ሥር ማረፍ እንደጀመርኩ ነገርኩት። ጉልበቴን ዳሰሰና «ቤትዎ ዱካ አለ?» አለኝ።

ሰው ሕመሙን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንደሚያወጣው ያኔ ከእትዬ ዘሃራ ነው የተማርኩት፤ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። ዛሬ ጠዋትም ዱካዬ ላይ ሆኜ እጄን ደረቴ ላይ አጣመርኩ። አምስተኛው መነሳት ላይ ደከመኝና ቁጭ ብዬ ልቀር ስል «ምን ያስቀምጥሻል?» የሚለው ድምፅ መጣብኝ።

ተነሳሁ።