በቀኝ እጄ ላይ የታሰረው ሰዓት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት መስከረም ውስጥ፣ ከመቱ ወደ ሁሩሙ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ነው። ሲያወሩት ትንሽ ነገር ነው፤ አንዲት የማላውቃት ሴት ሰዓት አሰረችልኝ፣ በቃ። እሷ ባትኖር ግን ይህንን የምጽፈው ከመቱ ሳይሆን አዲስ አበባ፣ ከልጄ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነበር። ስለዚህ ከልቤ አልወጣ አለ። የምጽፈው በግራ እጄ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ ጽሑፉን የምልክላቸው አዘጋጆች ይታገሱኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ነበርኩ ልበል እንጂ። መቱ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ፣ የሙሽራ ቀሚስ ሳሳምር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው አሉኝ። እግሬ ቀስ በቀስ ተመለሰልኝ። አፌም ተመለሰ፤ ጎረቤቶቼ እንደሚሉት እንዲያውም ከበፊቱ ብሶበታል። ቀኝ እጄ ግን በዚያው ቀረ።

አፍሬበት ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ከቤት ስወጣ ነጠላዬ ስር እከተዋለሁ። ሰው ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፋለሁ። በግራ መጨበጥ ነውር ነው፣ ቀኙን አውጥቶ ማሳየት ደግሞ ለእኔ ከነውርም በላይ ነበር። የማውቀው ሰው ከሩቅ ሲመጣ አይቼ መንገድ የቀየርኩበት ቀን አለ።

ቅድስት አንድ ልጄ ናት። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ከታመምኩ ጀምሮ "እኔ ጋ ነይ" ማለቷን አላቆመችም፤ እኔም እምቢ ማለቴን። ቤቴ እዚህ፣ ቤተ ክርስቲያኔ እዚህ፣ እድሬ እዚህ፣ ባሌ የተቀበረው እዚህ። አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ማንን "እንደምን አደራችሁ" እላለሁ?

በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ስማርት ሰዓት ገዝታ ላከችልኝ። የልብ ምቴን ቆጥሮ በእኔ ስልክ በኩል እሷ ስልክ ላይ ያሳያል። "ይህንን እያሰርሽ ከዋልሽ እዚያው ኑሪ" አለችኝ። "ማሰር ካቃተሽ ግን ብቻሽን መኖርም አቅቶሻል ማለት ነው። መጥቼ እወስድሻለሁ።" ልጄ በግትርነት እኔን ነው የወጣችው፤ ካለች አለች ነው።

የሰዓቱ ማሰሪያ ጎማ ነው። እሷ ሲሊኮን ትለዋለች። ዝናብ እንዳያበላሸው ብላ ነው የመረጠችው፤ የመቱን ዝናብ ታውቀዋለችና አልፈርድባትም። ግን ያ ጎማ አይጣል ነው! ሲደርቅ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ሲረጥብ ያሟልጫል። በዘለበቱ ታሾልኪዋለሽ፣ ትስቢዋለሽ፣ ሹሏን ከቀዳዳዋ ታገናኛለሽ፣ የተረፈውን ጫፍ ደግሞ በቀለበቱ ታሳልፊያለሽ። እንደ ማንኛውም ሰው በግራ እጄ ላይ ነው የማስረው። የሚያስረው ቀኝ እጅ ግን የለኝም።

በጥርሴ ሞከርኩ። ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አጣብቄ ሞከርኩ። በጉልበቴ ጨብጬ ይዤ ሞከርኩ። አንድ ቀን ጭራሽ አስቀድሜ ቆልፌው እንደ አምባር አጠለቅሁት። ላላና ልቤን አጣው። ቅድስት ከቢሮዋ "ምን ሆንሽብኝ!" እያለች ደወለች። ያን ሁሉ የሙሽራ ቀሚስ ቆልፌ የሸኘሁ ሴትዮ አንዲት ጎማ አሸነፈችኝ።

ገመናዬን የሸፈነችልኝ ጎረቤቴ ጫልቱ ናት። ማታ ቻርጅ ላደርገው አወልቀዋለሁ፤ ጠዋት ጎራ ትልና ታስርልኛለች። ቅድስት ማን እንደሚያስርልኝ አልጠየቀችም፣ እኔም አልነገርኳት። በዚህ ዓይነት ክረምቱን አለፍን። መስከረም ላይ ግን የጫልቱ ልጅ ቡሬ ከተማ ወለደች፤ ጫልቱም አራሷን ልትጠብቅ ሄደች። ሰዓቱ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ ቅድስት ስትደውል ቻርጅ ላይ ነው እያልኩ ሁለት ቀን አለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ሁሩሙ ለቅሶ ነበረብኝ። አብራኝ ልብስ ትሰፋ የነበረች ወዳጄ ባሏ ሞቶባት ነው። ሰዓቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ መናኸሪያ ደረስኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ቅድስት ደወለች።

"እማዬ፣ ሰዓቱ ዛሬም ምንም አያሳየኝም።"

"ኔትወርክ ነው።"

"በምን እያወራን ነው ታዲያ?"

ሰዓቱ ያለበትን ቦርሳ ወደ ጉያዬ ሳብኩ።

"ቅዳሜ እመጣለሁ" አለች። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ እሱ ነው የከበደኝ። "ቤትሽን የሚከራይ ሰውዬ አግኝቻለሁ። ልብስሽን አዘጋጂ፣ እሺ? አልቆጣም። ብቻ ማታ ማታ እንቅልፍ መተኛት እፈልጋለሁ።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዓይኔ መናኸሪያው ላይ ቀረ። በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት አለች። ጃንጥላ የሚጠግነው ሰውዬ አለ፤ ሁለቱም በስሜ ይጠሩኛል። ቅዳሜ ከዚህ ሁሉ ልለይ ነው።

ሚኒባሱ ሞላና ተነሣን። ከጎኔ አንዲት የማላውቃት ሴት ተቀምጣለች፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። መቱ ማር ሸጣ የምትመለስ ናት፤ ባዶ ባልዲዋን ታቅፋለች። "አካም ጅርቱ" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፤ "ፋያ" አልኳት። ውጪው ዝናብ ነው።

እልህ ያዘኝ። ሰዓቱን አወጣሁና እዚያው ሚኒባስ ውስጥ መታገል ጀመርኩ። አንጓዬን ከፊት ወንበር ጋር አጣብቄ፣ በአገጬ ይዤ፣ ዘለበቱን ላገናኝ ስል መኪናው ጉድጓድ ገባ። ሰዓቱ ከሰው እግር መሐል ወደቀ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ጭቃውን በሻርፗ ጠርጋ ሰጠችኝ። በግራ እጄ ተቀበልኳት። ወደ ቦርሳዬ ልመልሰው ስል ግን መልሳ ወሰደችብኝ።

"ሃርከ ኬሰን" አለች፤ እጅዎን ማለቷ ነው። "ላስርልዎ።"

ሰዓቱን የያዝኩት በግራዬ ነበር። እሷም ሰዓት የያዘው እጅ የሚያስረው፣ ሌላኛው ደግሞ የሚታሰርበት መስሏታል። ከነጠላዬ ስር እጇን ሰደደችና ቀኜን ይዛ አወጣችው።

ያንን እጅ ከሐኪምና ከልጄ በቀር የነካው ሰው አልነበረም። "እሱ አይደለም" ልላት ስል ቀደመችኝ። እሷ እቴ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እንዴ፣ በረዶ ሆኗል እኮ! ዝናቡ ነው" አለች። በሁለት መዳፏ መሐል አድርጋ አሸችው። ቆጠብ ቆጠብ ሳትል፣ ልጇን እንደምታሞቅ ሁሉ አሸችው። ከዚያ ሰዓቱን አሰረችበትና የጎማውን ጫፍ በቀለበቱ አስገባች።

ያን ጊዜ ነው ጣቶቼ አለመንቀሳቀሳቸውን ያየችው። ቀና ብላ አየችኝ።

"የታመመው ይሄኛው ነው?"

"አዎ።"

"ውይ በሞትኩት! አሳመምኩዎ?" ልትፈታው ተጣደፈች።

"አላሳመምሽኝም። ተዪው፣ እኔ ልፍታው" አልኳት።

በግራዬ ፈታሁት። አምስቱም ጣቶቼ ደህና ናቸው፤ ቀለበቱን፣ ሹሏን፣ ዘለበቱን ሁሉንም ያገኙታል። ፈታሁትና ያው እጅ መልሶ ቀኜ ላይ አሰረው። የመጀመሪያው ጊዜ ጎማው ሸሸኝ። ሁለተኛው ጊዜ ሹሏ ቀዳዳዋን አገኘች። ሴትዮዋ ባልዲዋን እንዳቀፈች ታየኛለች፤ እብድ መስያት ሊሆን ይችላል።

ይህን ያህል ቀላል ነበር! ጫልቱ አላሰበችውም፣ ቅድስት አላሰበችውም፣ እኔም አላሰብኩትም። ሰዓት በግራ ይታሰራል፣ አለቀ። ቀኜማ ለእኔ እጅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሰዓት የሚታሰርበት ቦታ ፍለጋ ወደ እሱ ዓይኔን ልኬ አላውቅም።

ከሰዓቱ ስር አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ። ትንሽ ቆየና ቁጥር መጣ። ልቤ ነው። እዚያ እጅ ውስጥ ልቤ እየመታ ነው። ሞቷል ብዬ የደበቅኩት እጅ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመታ ኖሯል። አለቀስኩ። ሴትዮዋ እጄን መልሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ሁሩሙ ሳንደርስ እስክትወርድ ድረስ ያዘችልኝ። "ዋቃ ይማርዎ" ብላኝ ወረደች፤ እግዜር ማለቷ ነው። ባልዲዋን ራሷ ላይ ደፍታ በዝናቡ በእግር መንገዱ ገባች።

ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ቅድስት ደወለች።

"እማዬ፣ ታየኝ! ማን አሰረልሽ?"

"ራሴ።"

"ተይ እንጂ።"

"ቅዳሜ መጥተሽ እይ።"

መጣች። ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ "አሳዪኝ" አለች። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥን። ቀኜን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሰዓቱን ደረብኩበት። ጎማውን በዘለበቱ ሳሾልክ አመለጠኝ። ሰዓቱ ተንሸራተተ። የቅድስት እጅ ሊረዳኝ ብድግ አለ።

"እጅሽን ሰብስቢ" አልኳት።

ሰበሰበች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ደገምኩ። ሳብኩት፣ ሹሏን በአውራ ጣቴ ተጫንኳት፣ ገባች። የተረፈውን ጫፍ በቀለበቱ አሳለፍኩ። ቁጥሩ ሲመጣ ልቤ እየሮጠ እንደሆነ ሁለታችንም አየን።

ቅድስት ሰዓቱን ሳይሆን እጄን ነው የምታየው። "በቀኝ..." አለችና ተወችው። ስልኳን አወጣችና በረንዳ ላይ ወጥታ ደወለች። በመስኮት ሰማኋት። "ይቅርታ ወንድሜ፣ ቤቱ አይከራይም። እናቴ ትኖርበታለች" አለች።

እሑድ ብቻዋን ተመለሰች። እስካሁን ጠዋት ጠዋት ቁጥሩ ዘግየት ካለባት ትደውላለች፤ እቆጣታለሁ፤ ደስም ይለኛል።

ያቺን ሴት ስሟን አልጠየቅኋትም። ሁሩሙ በገበያ ቀን ሄጄ ማር ከሚሸጡት መሐል ፈልጌያት አላገኘሁም። ባገኛት ምን እንደምላት አላውቅም። እሷ በዝናብ የቀዘቀዘ እጅ አሙቃ ሰዓት አሰረች፤ ከዚያ በላይ ያደረገችው ነገር እንዳለ የምታውቅ አይመስለኝም።

ነጠላዬን አሁንም እለብሳለሁ፤ እጄ ግን ውጪ ነው። መንገድ ላይ ሰው "ስንት ሰዓት ሆነ እናቴ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ቆም እላለሁ። ቀኜን በግራዬ አነሣና ወደ ዓይኔ አመጣዋለሁ። ሰዓቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ደግሞ ወደ እኛ አቆጣጠር እመልሰዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል። የቸኮለ ሌላ ሰው ይጠይቅ።