ወደ ደገሀቡር የሄዱት ስድስት የእንጆሪ ችግኞች

እንጆሪው የመጣባቸው ካርቶኖች በተከፈቱበት ቀን ግቢው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የችግኝ ጣቢያው ባለቤት ሐጂ፤ ዕቃውን ከድንበሯ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ ጭኖ ያመጣው ሾፌር፤ እኔ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከእኔ ጋር የዋለችው ልጄ፤ ከደገሀቡር ወዲያ ካለ ገጠር ልጇን ለማሳከም መጥታ ከግቢያችን ጀርባ ዘመዶቿ ቤት ያረፈች አንዲት ሴት፤ ጀርባዋ ላይ የታዘለችው ትንሽ ልጇ። ሌላ ሰው አልነበረም። አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው አብሮን ቢኖር ኖሮ ምናልባት ያስቆመኝ ነበር እያልኩ ይህን ዝርዝር ስንት ጊዜ በልቤ አመላልሼዋለሁ።

ጅጅጋ ነው፤ ኮሮናው ጋብ ካለ በኋላ። በዚያ ችግኝ ጣቢያ ውኃ አጠጣለሁ፣ አርማለሁ፣ በችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር እሞላለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሰው የሚያውቀኝ በጭንቀቴ ነው። የፈላ ውኃ መልሼ አፈላለሁ፤ ልጄ ባጃጅ ስትሳፈር የሾፌሩን ስም ሳልጠይቅ አልለቃትም። ሐጂ በዚህ ይቀልዱብኝ ነበር። «ሆዮ» ነው የሚሉኝ፤ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። ጠዋት ስገባ፣ «ሆዮ፣ ዛሬስ ምን ሊደርስብን ነው?» ብለው ይቀበሉኛል።

እንጆሪ መትከል የሐጂ የቆየ ምኞት ነበር። ባሕር ማዶ ያለው ወንድማቸው ነው የላከላቸው። በዱቄት ወተት ጣሳዎች መካከል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። ችግኝ ይባላል እንጂ ሲያዩት ጢም የመሰለ ሥር ነው፤ አናቱ ላይ አንድ ሁለት የጠወለገ ቅጠል ብቻ አለው። ወረቀት አልነበረውም። የበቀለበት አገር መርምሮ ጤነኛ ነው ያለበት ወረቀትም፣ የእኛ አገር ይግባ ያለበት ፈቃድም የለውም። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩንም አላውቅም ነበር። በዚያ በኩል ስንቱ ነገር ያለ ወረቀት ይገባል።

ላስቲኩ ላይ የቀይ ፍሬ ሥዕል ነበረበት። ሴትየዋ ሥዕሉን አየችና ጠጋ አለች።

«አባዮ፣ ይህ ይጎመዝዛል?» አለችኝ። አባዮ እህቴ ማለት ነው። የእሷ አማርኛና የእኔ የገበያ ሶማሊኛ ተደጋግፈው ነው የምንግባባው።

«ይጎመዝዛልም፣ ይጣፍጣልም» አሉ ሐጂ።

«ይቺ ልጅ ጎምዛዛ ካልሆነ አትበላም። ሌላውን ትተፋለች። እኛ ጋ ጉድጓድ ውኃ አለ፣ ወንዙ ዳር። ሽንኩርት አለኝ፣ ቲማቲም አለኝ፣ ትንሽ ካሮት። ይበቅላል?»

«ከሽንኩርትሽ ጎን ከተተከለማ ሽንኩርቱ በቅናት ያድጋል» አሉ ሐጂ። ሾፌሩ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የምትጠይቀው የምሯን ነው። አምስት ልጆቿን የምታበላው ከዚያች ቦታ ነበር።

እኔ በተወለድኩበት አገር አዲስ ዘር ወደ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ለተገኘ ሰው ይዘገንለታል። እናቴ ይህን ሳታደርግ ዘሩን መሬት አታስነካም ነበር፤ የተነፈገ ሰው ዓይኑ ማሳ ላይ ይቀራል ትል ነበር። ሐጂን ጠየቅኳቸው። «ስጫት፣ ምን ችግር አለው» አሉ። ስድስት መረጥኩላት። ዝም ብዬም አላነሳሁም፤ እያገላበጥኩ ሥራቸው የበዛውን፣ ጠንካራ የመሰሉኝን ለየሁ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በፌስታል አደረግሁላት። በማግስቱ ልጄ እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት።

ባለሙያው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ከውጭ ችግኝ መግባቱን ሰምቶ የመጣ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ወጣት ነው። ጫማው ላይ ፌስታል አስሮ ገባ።

«መስጊድ መሰለህ እንዴ ልጄ? አውልቀው በቃ» አሉት ሐጂ።

«ከእርስዎ ግቢ አፈር ይዤ እንዳልወጣ ነው፣ ሐጂ።»

«አፈሬን ልትሰርቀኝ አስበህ ነበር ማለት ነው።»

እየሳቀ ተንበረከከ። ከተከልናቸው እንጆሪዎች አንዱን ነቅሎ ሥሩን በሳፋ ውኃ አጠበና በማጉያ መነጽር አየው። ከዚያ ማጉያውን ለእኔ ሰጠኝ። ቀጫጭኑ ሥር ላይ የማሽላ ፍሬ እንኳ የማይሞሉ እብጠቶች ነበሩበት።

«ኔማቶድ ይመስለኛል፣ እትዬ። ሥር ውስጥ የሚኖር ትል ነው። በዓይን አይታይም።»

«በዓይን የማይታየውን አንተ በምን አየኸው?» አሉ ሐጂ።

«የሠራውን ነው ያየሁት። ሰይጣንስ መቼ ይታያል? ግን ይሸሹታል አይደል?»

ባለሙያውም ቀልዱን ትቶ አስረዳን። ትሉ አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውኃ፣ በአካፋ፣ በጫማ ይሄዳል። እንጆሪው ባይኖርም ቲማቲም ይበላል፣ ካሮት ይበላል። «በእኛ አፈር ድሮም ያለው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የሌለም ሊሆን ይችላል። የሌለ ከሆነ አስገቢዎቹ እኛ ነን ማለት ነው» አለ። ናሙናው መሀል አገር ላቦራቶሪ እስኪታይ ድረስ ችግኙ ኳራንቲን ይገባል ብሎ መደቡን በገመድ ከለለው። እኔ ኳራንቲን የማውቀው ለሰው ነበር።

ከዚያ ጠየቀ፤ «ከዚህ የወጣ አለ?»

ሐጂ ረስተውት ይሁን ፈርተው አላውቅም፣ «ያለው ይኸው ነው» አሉ። ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ዝም አልኩ። ፖሊስ ልኮ የታመመ ልጅ ያዘለች ሴት የሚያስይዝ መሰለኝ። በሐጂ ቃል ላይ ቃል መጨመርም ከበደኝ። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ውጤቱ እስኪመጣ የነበሩት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። ጫማዬን ግቢው በር ላይ አውልቄ በበረኪና አጥባለሁ፤ ቤት ገብቼ እንደገና አጥባለሁ። ውኃ እያጠጣሁ ድንገት ጆኩን አስቀምጬ ወደ በሩ እሄዳለሁ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ገበያ ስወጣ ካሮት እያገላበጥኩ እብጠት እፈልጋለሁ። አንዷ ነጋዴ፣ «አንቺ፣ ልትገዢው ነው ልታክሚው?» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይኔ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ሴት ስድስቱን ሥር ከቲማቲሟ ጎን እየተከለች፣ ከጉድጓዱ እየቀዳች ስታጠጣ።

ውጤቱ መጣ። ትሉ አለ።

ሐጂ ማቃጠል አልፈለጉም። ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማዳን እንደሚቻል ከአንድ ሰው ሰምተዋል። «እንጠባቸው። ሆዮ ስንት ሕፃን አጥባለች፤ ውኃ በክርኗ ትለካለች» አሉ።

«በክርን አይሆንም፣ ሐጂ» አለ ባለሙያው። «ሙቀቱ ትንሽ ቢያንስ ትሉ ይተርፋል፤ ትንሽ ቢበዛ እንጆሪው ይቀቀላል። መለኪያ ያስፈልጋል፣ ደቂቃም ይቆጠራል። ይህ ደግሞ ያለ ፈቃድ የገባ ነው። ይቃጠላል።»

ከነአፈሩ ጉድጓድ ውስጥ ከተትነው። ጋዙን ያፈሰሱት ሐጂ ራሳቸው ናቸው። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ባለሙያው አንዱን አንስቶ አሳየን። «ሰው እንዲህ ጢም ያበዛውን ሲያይ ጠንካራ ይመስለዋል። በሽታው ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ሥሩ ሲታመም ይንጨፈረራል።»

እኔ መርጬ የሰጠኋት እንዲህ ያሉትን ነበር። ያኔ ነገርኩት።

አልጮኸብኝም። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አወጣ። «የት ነው የሄደው?»

«ከደገሀቡር ወዲያ።»

«ወዲያ የት?»

«ወንዝ ዳር ነው ያለችኝ።»

«ስሟስ?»

ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። እሷ አባዮ ትለኛለች፤ እኔም አባዮ እላታለሁ። ሁለታችንም ሌላ ስም አላስፈለገንም ነበር። ሐጂ እሳቱን ትተው አዩኝ። «የባጃጅ ሾፌር ስም የምትጠይቂ ሴት» አሉ። ያን ቀን አልቀለዱም።

በማግስቱ አርፋበት ወደነበረው ቤት ሄድኩ። ዘመዶቿ ለቀው ሌላ ተከራይ ገብቶበታል። ጎረቤቶቹ ቱሊ ጉሌድ ወደምትባለው ከተማ ገብተዋል አሉኝ። ቱሊ ጉሌድ ሄድኩ፤ ጥቂት ቀን ቆይተው አልፈዋል ተባልኩ። ባለሙያው ለደገሀቡር ግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፈ፣ ስልክም ደወለ። ስም የሌለው ሰው እንዴት ይፈለጋል አሉት። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ወደ ደገሀቡር ወረድኩ። አትክልት ተራ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አሮጊት ሰምታኝ ስትጨርስ፣ «ወንዝ ዳር ማሳ ያላት፣ አምስት ልጅ ያላት፣ ቀጠን ያለች? እዚህ የተቀመጥነው ሁላችንም እሷ ነን፤ ከእኔ ከወፍራሟ በቀር» አለችኝ። ጎረቤቶቿ ሳቁ። ከዚያ ግን ውኃ ሰጡኝ፤ በየመንደራቸውም እንዲጠይቁልኝ አደራ አልኳቸው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ብዙ ሰው ከብቱን ይዞ ተነሣ፤ ብዙ ጉድጓድ ደረቀ። እንጆሪዎቹ ደርቀው በሆነ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ። ወዲያው ደግሞ እነሱ ከደረቁ ቲማቲሙም፣ ሽንኩርቱም፣ እሷም ምን ሆነው ነው የሚለው ይመጣብኛል። የሰው ጉድጓድ ይድረቅ ብሎ የሚመኝ ምን ዓይነት ልብ ነው? አሁንም ከደገሀቡር የሚመጣ ሚኒባስ መናኸሪያ ሲቆም ሥራዬን ትቼ እሄዳለሁ፤ ሴቶቹ ሲወርዱ አንድ በአንድ አያለሁ።

ረጅም ናት፣ ቀጠን ያለች፤ አማርኛ ስትናገር ቀስ ትላለች። ትንሿ ልጅ አሁን ትምህርት ቤት የምትገባበት ዕድሜ ላይ መሆን አለባት። እንጆሪው ካለ ከነሥሩና ከነአፈሩ አውጥታ ታቃጥለው፤ በዚያ ቦታ ላይም ቲማቲምና ካሮት አትትከል። ይህን የምታነቡ፣ ይህቺን ሴት የምታውቋት ካላችሁ፣ እሷና ልጇ ደህና መሆናቸውን፣ የት እንዳሉም ንገሩኝ።