ሙሽራው ሳይገባ ብርቱካን የማትቆርጠው ሔዋን

መርሳ ከተማ ውስጥ ሰርግ በተደገሰ ቁጥር ሔዋንን የሚያማት አይጠፋም። «ሙሽራው በር ላይ ካልደረሰ አንዲት ብርቱካን አልቆርጥም ትላለች፤ እንግዳው ጉሮሮው ይደርቃል፣ እሷ ቢላዋ ይዛ ታየዋለች!» ይላሉ። ባለፈው ደግሞ አንዷ የሙሽራ አክስት «ምን ያኮራታል ይቺ!» ስትል ሰማኋትና ደሜ ፈላ። ጎረቤቷ ነኝ፤ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ከማማት እኔን መጠየቅ አይሻልም?

ሥራዋ ለሰርግ ጭማቂ ማዘጋጀት ነው፤ ድሮ ግን እንዲህ አልነበረችም። ሰርግ ካለ ገና በማለዳው ነበር መጭመቅ የምትጀምረው። ከጎረቤት ከተማ ከግራና የመጣ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዝንጅብልና ማር፤ ሁሉንም ነጩ በርሜሏ ውስጥ ትቀላቅለዋለች። በዚያ በርሜል ጠላ የሚባል ነገር ገብቶበት አያውቅም። የገዛ ልጇ ክርስትና ዕለት የጠላ ዕቃ አንሶን «እስቲ በርሜሉን» ብንላት፣ «ዓይኔን አምጪ በሉኝ!» ብላ ኩም አደረገችን። እሷ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፤ እስላም ጎረቤቶቻችን ግን ሳይጠራጠሩ ከእጇ ይጠጡ ነበር። አንድ ሕግም ነበራት፤ ቅልቅሉ አያድርም። የመርሳ ሙቀት አያስተርፍም፤ ካደረ ይፈላል፣ ከፈላ ያሰክራል። ስለዚህ ሲመሽ የተረፈውን ትደፋዋለች።

ጎረቤታችን ጋሽ ዓሪፍ ልጃቸውን ሐያትን ሲድሩም የጭማቂውን ቅልቅል ያዘጋጀችው እሷ ነበረች። ሙሽራው አሚር ሚዜዎቹን ይዞ ከወልድያ ይመጣል። ረፋድ ላይ ደውሎ «ተነስተናል» አለ። ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ላይ ተኩስ አለ ተባለ፤ ከዚያ ስልኩም ጠፋ።

ጠበቅን። ምግቡ ቀዘቀዘ፣ ዘፋኞቹ ዝም አሉ። ሐያት እንሶስላ የሞቀ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከበሩ ዓይኗን አልነቀለችም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሔዋን እንደ ልማዷ በርሜሉን ልትደፋ ተነሳች። ጋሽ ዓሪፍ እጇን ያዟት።

«ተይው ልጄ። መጥቶ ምን ሊጠጣ ነው?»

«ጋሽዬ፣ ካደረ እኮ ለእናንተ አይሆንም…»

«አያድርም። ይመጣል አልኩሽ!»

ሔዋን ማንንም የምትሰማ ሴት አይደለችም። ያን ቀን ግን ክዳኑን መልሳ ገጥማ ተቀመጠች።

ሲነጋ ክዳኑ በአረፋ ተገፍቶ ተነስቷል። ሽታው ድንኳኑን ሞልቶታል። ሁላችንም ሸተተን። ጋሽ ዓሪፍ በዝግታ መጥተው ክዳኑን አነሱ። በዕድሜያቸው መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ ሰው አጎንብሰው አሸተቱት። ሔዋን «እኔ ልድፋው ጋሽዬ» ብትላቸውም አልሰሟትም። በሁለት እጃቸው ገለበጡትና፣ ሰው ሲሞት እንደሚባለው፣ «ኢና ሊላሂ» አሉ። ያን ቃል ለፈሰሰው ቅልቅል እንዳላሉት ሁላችንም ገባን።

የአሚር ሞት የተረዳው ከሰዓት በኋላ ነው። ሐያት ግን ጩኸቷን ያቀለጠችው በርሜሉ ሲገለበጥ ነበር። የፈሰሰው እስከ ቀሚሷ ጫፍ ደረሰ፤ እግሯን እንኳ አልሰበሰበችም። ወይኔ ሐያትን!

ከዚያ ወዲህ ነው ሔዋን አስቀድማ መቁረጥ የተወችው። ሐያትም ሌላ ባል አላገባችም፤ ዛሬ ከሔዋን ጋር ትሠራለች። በየሰርጉ ብርቱካኑን አጥባ ታዘጋጅና ወጥታ በር ላይ ትቆማለች። የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ አትመለስም፤ እልልታ ሲሰማም አትመለስም። ሙሽራው ከመኪና ወርዶ ደጃፉን ሲረግጥ ፊቱን ታያለች፤ ያኔ ነው ወደ ጓዳ የምትገባው።

«ገብቷል እትዬ፤ ቁረጪ» ትላታለች።