ነፋስ እንዲገባ የተሠራ ቤት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤቷ ጋር ደርባን ደርሳ ስትመለስ በስልኳ ያነሣችውን ፎቶ አሳየችኝ። ያ የድሮ የስኳር ነጋዴ ቤት! ዛሬም ሙዚየም ነው። ዙሪያውን የከበበው በረንዳ፣ ጥልፍ የመሰለው የብረት ጌጥ፣ ምኑም አልተለወጠም። "ቆንጆ ነው" ብዬ ስልኩን መለስኩላት።

በወጣትነታችን እኔና ታላቅ ወንድሜ ሸምሱ ዲፕስሉት የሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ነበረን። ቀን ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና ወተት እንሸጣለን፤ ማታ እዚያው እንተኛለን። አንድ ዓመት ለዒድ ዘግተን ደርባን ወዳለው አጎታችን ወረድን። ወበቁ አይጣል ነው። በርበሬ የተነሰነሰበት አናናስ እየበላን ስንዞር ጥላ ፍለጋ እዚያ ቤት ገባን።

ሸምሱ አገር ቤት ግንበኛ ነበር፤ ቤት የሚያየው በእጁ ነው። የባሕሩን ነፋስ እንዲያሳልፉ ትይዩ የተከፈቱትን ረጃጅም መስኮቶች፣ ከጣሪያው ሥር ያሉትን የሙቀት መውጫ ቀዳዳዎች፣ ከእርጥበት ከፍ ያለውን የድንጋይ መሠረት ሁሉ በክንዱ ለካ። አስጎብኚዋ ጠና ያለች የዙሉ ሴት ነበረች።

"ቡቲ፣ ወንድሜ፣ ልትገዛው ነው?" ብላ ሳቀች።

"አይ ማማ፣ ለእናቴ ልሠራው ነው።"

"ስልጤ ደጋ ላይ ባሕር ከየት ልታመጣ?" አልኩት እኔ።

"ባሕሩ ቢቀር ይቅር፤ እኛ ሰፈር ነፋስ መች ጠፋ!"

ያልቀለደ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እዚህ በስደት ያለነው ሰዎች የማናየውን ቤት አገር ቤት በስልክ እንሠራለን። ሸምሱም የመኖሪያ ወረቀቱ ስላልተስተካከለ መሄድ ባይችልም፣ በረንዳውንም መስኮቱንም ቀዳዳውንም በስልክ እየጮኸ አሠራው። እናታችን በየጁምዓው ስንደውልላት "ተንፈላስሼ ነው የምኖረው ልጄ፣ አላህ ያኑርህ" ትለዋለች። ያን ቀን ሸምሱ ከደንበኛ ሁሉ ጋር ሲጫወት ይውላል።

ስትሞት ለለቅሶ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቤቱ ያምራል። የደጋው ብርድ ግን በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በየቀዳዳው ያፏጫል። የእናቴን ክፍል አሳዩኝ ብል አክስቴ ከድጃ በጓሮ በኩል ወደ አሮጌው ሣር ቤት ወሰደችኝ። አልጋዋ ከምድጃውና ከላሟ አጠገብ ነበር።

"እዚያ አዲሱ ቤት አንድ ሌሊት አድራ አታውቅም" አለችኝ። "ጠዋት ትጠርገዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ትከፍተዋለች፣ በቃ። ለሸምሱ እንዳትነግሩት ብላ አስምላናለች።"

አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው። ልጅ ከፍርግርግ ጀርባ እየተኛ ሰፊ ቤት አሠራላት፤ እናት ልጇ እንዳይከፋው ጭስ ውስጥ አረጀች። ሁለቱም ለፍቅር ብለው ነው፤ ሁለቱንም አልሞቃቸውም።

ትናንት ሸምሱ አሁን ከሚሠራበት ከአይቮሪ ፓርክ ደወለልኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

"ወረቀቴ ተስተካከለ! ሄጄ እናቴ ክፍል ውስጥ ነው የምተኛው። የቷ ናት የእሷ?"

"ወደ ፀሐይ መውጫ ያለችው" አልኩት።

ወዲያው ለአክስቴ ደወልኩና የእናቴን አልጋ ወደዚያ ክፍል እንዲያስገቡት ለመንኳት።

"እሺ" አለች። "ወፍራም ጋቢም አስቀምጥለታለሁ።"