የክርኔ ዝገት

ቃሊቲ ውስጥ የሽመና ማሽንን ድምፅ ብቻ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ የሚናገር ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ስለነበር ፊደል የቆጠርኩት ፉርጎ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ከማሽን መመሪያ ላይ ለቅሜዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ቤቴ ድረስ እየመጡ ያማክሩኛል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ክርን እንዴት ግራ እንዳጋባው እንዲገባችሁ ነው።

ሰሞኑን ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳለ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ወጣት ልብስ ልታሰጣ ወረደች። የሚያዝያ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ እሷ ግን እጅጌው መዳፏ ድረስ የሚወርድ ሹራብ ለብሳለች። ገመዱ ላይ ለመድረስ እጇን ስታነሳ እጅጌው ሸሸ፤ ክርኗ ላይ ያለውን ነጭ ቅርፊት አየሁት። ቶሎ ሸፈነችው።

«ልጄ፣ ራስሽንም ያሳክክሻል?» አልኳት።

«አባባ፣ ማን ነገርዎት?»

«ክርንሽ።»

እኔን የጀመረኝ በጎረምሳነቴ ነው፤ የአቃቂ ጭቃ የሰው ጫማ በሚያስቀርበት ክረምት። ክርኔ ላይ ቀይ ነገር ወጣ፤ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት እያበራ ይላጣል። ቀጥሎ ራሴ ላይ ወጣና ሰማያዊ ቱታዬ ትከሻ ላይ ይረግፍ ጀመር። አብሮኝ የሚሠራው ታደሰ «እኛ እኮ ጨርቅ ፋብሪካ ነን፤ አንተ ዱቄት ፋብሪካ ነው እንዴ የምታድረው?» ይለኝ ነበር። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ከአንድ ትሪ አብረውኝ የሚበሉት ሁሉ ወደየራሳቸው ጥግ ሸሹ።

አንዱ ጭርት ነው አለኝ፤ ሌላው ችፌ ነው አለ፤ ሌላው ደምህ ቆሽሿል አለ። ለጭርቱ ድኝ ቀባሁ፣ ለችፌው ሎሚ አሸሁ፣ ለደሜ ብዬ በርበሬ ተውኩ። ምንም የለም። በጋ ገባና እሑድ እሑድ ወንዙ ዳር ሸሚዛችንን አውልቀን ኳስ ስንጫወት ቆዳዬ ንጹሕ ሆነ። በሎሚ ማዳኔን ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ አቀባቡን አሳየን እያለ ቤቴ የመጣ ሰው ነበር። ክረምቱ ሲመለስ ቅርፊቱም ተመለሰ። ሎሚው ያው ሎሚ ነው፣ ክርኑም ያው ክርን። ታዲያ ምን ተለወጠ? ማሽን እንዲህ አያደርግም፤ ወይ ይሠራል ወይ ተበላሽቷል።

ዘነበች ባትመጣ ኖሮ እንዲሁ ግራ እንደገባኝ እቀር ነበር። ሳሪስ አቦ አጠገብ የአባቷ የጋሽ ወልዴ ሱቅ ውስጥ ትሸጥ ነበር። እሷን ለማየት ስመላለስ የማልጨርሰው ሳሙና ቤቴ ተከመረ። ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ጋሽ ወልዴ የመለሱት አጭር ነው፦ «ለመስቀል ይምጣ። አብሮን ይብላ፤ ከዚያ እናወራለን።» ጉራጌ ናቸውና የመስቀል ክትፎ በእሳቸው ቤት ቀልድ አልነበረም። አብሯቸው ከአንድ ገበታ ያልበላ ሰው አማች አይሆንም።

በዋዜማው ክርኔን አየሁት። ክረምቱ አብሶበታል። ያኔ የእኔ ሙያ ያለው ሰው ብቻ የሚያስበውን አሰብኩ፦ ይሄ ዝገት ነው፤ ዝገት ደግሞ ይፋቃል። ጆንያ በናፍጣ ነክሬ ክርኔን ፈገፈግሁት። ቅርፊቱ ተነሳ፣ ሥሩ ቀላ። በሥራዬ ኮራሁ። በማግስቱ ረጅም እጅጌ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ።

የቅቤውና የኮሰረቱ ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ። ዘነበች ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች።

«እጅጌህን ሰብስብ እንጂ፣ ይረጥባል» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ግድ የለም፣ ይደርቃል።»

«ምነው፣ እናንተ ሰፈር እጅጌ አይሰበሰብም?»

ዘነበች ውሃውን አቆመች። የምታየው እጄን ሳይሆን ክርኔን ነበር፤ ደሙ በሸሚዙ ዘልቆ ወጥቷል። እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«ይሄ ነገር ይተላለፋል?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ተጠይቄ መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን «አላውቅም» አልኩ።

ክትፎው በሌላ ሳሕን ለብቻዬ መጣ። ሰው መሐል ተቀምጬ ብቻዬን በላሁ። ጣፋጭ እንደነበር ኋላ ዘነበች ነግራኛለች፤ እኔ ጣዕሙን አላስታውስም። ሲሸኙኝ ጋሽ ወልዴ እንዲህ አሉኝ፦ «አልጠላሁህም፤ ግን ቤቴ ሕፃናት አሉ። ሐኪም ይይህና የነገረህን እንዳለ አምጣልኝ። ልጄን የምሰጥህም የምከለክልህም ያኔ ነው።»

መሀል ከተማ አንድ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ክርኔን፣ ራሴን፣ ጥፍሬን ሳይቀር አየና «ሶሪያሲስ ይባላል» አለ። «ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የራስህ ሰውነት ነው የቆዳህን እድገት ያለልኩ የሚያጣድፈው።»

«እሺ፣ መቼ ይድናል?»

«ጨርሶ አይድንም። ይጠፋል፣ ይመለሳል።»

«ካልዳነ ምን ልታደርግልኝ ነው?»

«እኔ ቅባት አዝልሃለሁ፤ የቀረው የአንተ ሥራ ነው። ስትታጠብ አትፈግፍግ፤ ቆዳህ ሳይደርቅ ቫዝሊን ተቀባ፤ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ሙቅ። ቅባቱን ካልኩህ በላይ አታብዛ፤ ተሻለኝ ብለህም በራስህ አታቋርጥ። ለመሆኑ በምን ነው የፋቅኸው?»

ነገርኩት። «በተጫረበት ቦታ አዲስ ሊወጣ ይችላል» አለኝ። እውነትም ጆንያው በጫረኝ መስመር ተሰልፎ ወጣ።

በአውቶቡስ ወደ ሳሪስ ስመለስ ጭንቅላቴ ዞረ። አይድንም ግን ይጠፋል፤ አይተላለፍም ግን አይለቅም። ይህን ለሴት ልጅ አባት ምን ብለው ያቀርቡታል? ሱቁ በር ላይ ቆሜ የሰማሁትን እንዳለ ተናገርኩ።

«ጠግኜዋለሁ የማይባል ነገር፣ ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» አልኩ በመጨረሻ።

ዘነበች ከባንኮኒው ኋላ ሳቀች። «ማሽንህን አንዴ ዘይት ካጠጣኸው ለዘላለም ትተወዋለህ እንዴ?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ እሷ ባለችበት ግን አልሞክረውም።

ጋሽ ወልዴ አሰብ አደረጉ። «አይተላለፍም ያለው ራሱ ሐኪሙ ነው?»

«ራሱ ነው።»

«አንተ አልጨመርክበትም?»

«አልጨመርኩም።»

«ስለማውቅህ ነው» አሉና ምሳቸውን አስመጡ። ቆጮና ጎመን ነበር፤ በአንድ ሳሕን። «ዘነበች፣ ውሃ አምጪ። አንተም እጅጌህን ሰብስብ።»

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማችኝ፤ እርጥቡ ልብስ ክንዷ ላይ እንዳለ። «የእርስዎን ቅባት ይስጡኝ» አለች። አልሰጠኋትም። ሐኪም ሳያይሽ አይሆንም አልኳት፤ ጆንያና ናፍጣ ያስተማሩኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐኪሙ ካየኝ ወዲህ የቻልኩትን ልናገር። ዘነበችን አገባሁ። ታደሰን ዱቄት ማለቱን አስተውኩት፤ ወደ ትሪዬም መለስኩት። ክረምት ሳይገባ ቫዝሊን ማዘጋጀት ለመድኩ። ፀጉር አስተካካዬን አስተምሬው አሁን እሱ ለደንበኞቹ ያስረዳል። ለሠርጌ ለምን ጠፍቶ፣ ለበኩር ልጄ ክርስትና ለምን እንደተመለሰ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሐኪሞቹ ጭንቀት ይሆናል ይላሉ፤ እኔ ግን እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ይህ እንደከበደኝ ይኑር።

ትናንት ደግሞ ዘነበች ያቺን ልጅ ምሳ ጠራቻት። ሹራቧን ለብሳ መጣች። ሽማግሌ ልጅን እጅ አያስታጥብም፤ እኔ ግን ማስታጠቢያውን ከዘነበች እጅ ተቀብዬ ፊቷ ቆምኩ። ልጅቷ አንዴ እኔን፣ አንዴ የተሰበሰበውን እጅጌዬን አየች። ከዚያ የራሷን ሰበሰበች።