ሚሌቼንቶዋ የተለካችበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሾፌር በራችን ላይ ቆሞ እጁን በነጭ ጋዝ ሲታጠብ ሽታው በመስኮት ገባ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን አልችለውም። መስኮቱን ዘጋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ ገብቷል። ከታቦር ተራራ ግርጌ ወደነበረው ግቢያችን፣ ወደዚያች ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አዋሳ ውስጥ፣ ያኔ እንዲህ ነበር የምንጠራት፣ ኮት አሳምሮ የሚሰፋ እሱ ነው ይባል ነበር፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ያውቅበት ነበር። ለራሱ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪና። ከአብዮቱ በፊት አንድ ጣሊያን ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌዋን ሚሌቼንቶ ከሱ ገዛት። ሚሌቼንቶ በጣሊያንኛ ሺ አንድ መቶ ማለት ነው፤ የሞተሯ መጠን ነው ስም ሆኖ የቀረላት። ከእርጅናዋ የተነሳ ዘይት ትጠጣ ነበር። እሁድ እሁድ የምጨምርላት እኔ ነበርኩ። እናቴ ታዲያ፣ «ይቺ ሴትዮ ከሁላችንም በላይ ትበላለች» እያለች ታሾፍ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ጣጣው መጣ። ከሐይቁ ማዶ የነበረ አንድ ሰፊ እርሻ ሲወረስ ከባለቤቱ መኪናዎች አንዷ ጠፍታ ነበር። በመልክ ከእኛዋ ጋር መንታ ናት፤ ልዩነቷ ሞተሯ ሺ ሁለት መቶ መሆኑ ብቻ። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ «የጠፋችው መኪና ልብስ ሰፊው ጋ ናት» ብሎ ለቀበሌ ጠቆመ። ሊብሬያችን ሺ አንድ መቶ ይላል። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን፣ «ወረቀትማ ማንም ይጽፋል» አለ። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ዝገት በልቶት አይነበብም ነበር፤ እነሱ ዝገቱን አይተው ሆን ተብሎ ተፍቋል አሉ። አባቴን ከሱቁ ወሰዱት። በዚያን ዘመን የሕዝብ ንብረት ሰረቀ የተባለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ስንቅ እናቀብል ነበር። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ደስ ይለናል። በልቷል፤ አለ ማለት ነው።

በዚያች ቅዳሜ ጠዋት መርማሪ መጣ፤ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ሊቀመንበሩ ተከተለው። ኋላ አባቴን በሁለት ጥበቃዎች መሐል አስገቡት። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶ ነበር፤ እኔ ያየሁት የመጀመሪያው የማይሆነው ኮት እሱ ነው። እንዳይናገር ታዟል። እናቴ ስታየው ወደ እሱ ልትሄድ ተነሣች፤ አንደኛው ጥበቃ ቀስ ብሎ በሲዳምኛ እንድትቀመጥ ነገራት። ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ አሳ አሳ ይሸታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዛፋችን ላይ ተደርድረው እንደ ታዛቢ ቁልቁል ያዩናል።

መርማሪው ኮፈኑን ከፈተ። «ቁጥሩ ባይነበብም ሞተሩን መለካት ይቻላል» አለ። «እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትተን፣ ፒስተኑ ከላይ ሳለ ቀዳዳውን በዘይት እንሞላለን። ከዚያ ፒስተኑን ታች አውርደን፣ እስኪሞላ እንደገና የሚጨመረውን እንለካለን። ሲሊንደሩ አራት ነው። አንዱ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ሲሲ ከወሰደ መኪናዋ የሳቸው ናት። ሦስት መቶ ከወሰደ…»

«የተሰረቀችው ናት» ብሎ ሊቀመንበሩ ጨረሰለት።

መለኪያ የሚሆን ንጹህ ዘይት አልተገኘም። እናቴ ለፋኖስ ያስቀመጠችውን ነጭ ጋዝ አመጣች። መርማሪው ከክሊኒክ የተዋሰውን ትልቅ የብርጭቆ ሲሪንጋ አወጣ። አቤት ጥንቃቄው! ይስባል፣ ወደ ፀሐይ ያነሳል፣ አረፋውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ያስወጣል፣ ይጨምራል፣ ይጽፋል፣ ደግሞ ይስባል። እግዜር ይስጠው እያልኩ ነበር በሆዴ፤ ጥንቁቅ ሰው ነው የላከልን።

ሁለት መቶ ሰባ አምስት ላይ ደረሰ። ቀዳዳው አልሞላም። ሁለት መቶ ሰማንያን አለፈ፤ አልሞላም። ሊቀመንበሩ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ፈገግ አለ። አባቴ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ሁለት መቶ ዘጠናን ሲያልፍ ወደ ሞተሩ ተጠጋሁ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። መርማሪው ሲሪንጋውን ወደ ፀሐይ አንስቶ ሳለ፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚያብለጨልጨው ጋዝ ቁልቁል ሸሸ።

«ጋሼ፣ እየወረደ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ!» አለኝ ጥበቃው።

«አንቺ ደግሞ መሐንዲስ ነሽ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዘይት የምጨምርላት እኔ ነኝ፤ ትጠጣለች። እርስዎ ሲሪንጋውን ሲያዩ ጋዙ በሥር እያመለጠ ነው። ሁለት መቶ ሰባ አምስቱን አስቀድመው ለክተው ባንዴ ይድፉት፣ እባክዎ።»

መርማሪው መነጽሩን ገፋ አድርጎ ቀዳዳው ላይ ጎንበስ አለና ጠበቀ። ጋዙ ወረደ። «ፒስተኑን የሚያጠብቀው ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቋል» አለ። «ቀጭን ነገር አይዝም። እንደገና እለካለሁ።»

«እስኪሆንላችሁ ድረስ ልትለኩ ነው?»

«አንዴ ብቻ፣ ጓድ ሊቀመንበር።» ይህን ብሎ የጻፈውን ሰረዘው። ሦስት መቶ ነው ብሎ ለምሳ ቤቱ ቢሄድ የሚጠይቀው አልነበረም። ያንን ሰው ዛሬም በጸሎቴ አነሳዋለሁ።

ልክ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ሲሲ ጠርሙስ ውስጥ ቀዳ። ፒስተኑን ወደ ላይ መልሶ ቀዳዳውን ሞላ፤ ታች አወረደና ጠርሙሱን ወዲያው ደፋው። ጋዙ እየተንደቀደቀ ገባ። ጠርሙሱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀዳዳው ሞላ፣ ገንፍሎ በሞተሩ ላይ ፈሰሰ፣ አፈሩ ላይ ተንጠባጠበ።

«ሺ አንድ መቶ ናት» አለ መርማሪው።

ሊቀመንበሩ፣ «አብዮቱ ንጹሕ ሰው አይነካም» ብሎ ወጣ። የነካውን ግን እዚያው ትቶልን ሄደ።

አባቴ እኔንም እናቴንም ከማቀፉ በፊት ወደ መኪናዋ ሄደ። የተፈታውን ካንዴላ አንስቶ ሊመልሰው ቢሞክር እጁ ተንቀጥቅጦ ጣለው። አንስቶ ሞከረ፤ ደግሞ ወደቀ። «አንቺ እሰሪው፣ የኔ እናት» አለኝ። አሰርኩት። ረሃብ ነው፣ ደስታ ነው፣ ያልፋል ብዬ ነበር።

አላለፈም። በታሰረበት ቤት እጁን ምን እንዳደረጉት አልነገረኝም፤ እኔም ሳልጠይቀው ሞተ። ሱቁን ግን አልዘጋም። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት መርፌዎቹን ሁሉ ክር አስገብቼ ኮቱ ደረት ላይ እሰካለት ነበር፤ ነጩን በአንድ ወገን፣ ጥቁሩን በሌላው። ማታ ስመለስ፣ «ዛሬ ሥራ በዝቶብኝ ዋለ» ይለኛል። እኔም፣ «አይዞህ፣ አባዬ» እያልኩ መርፌዎቹን ከኮቱ ላይ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ክራቸው ጠዋት እንደቆረጥኩት ነበር፤ አንዱም አላጠረም።