የመስቀል ሰሞን የተቃጠለው ጉልቤ

«ያለምወርቅ የሠራችው ማሽን ሰው ገደለ» የሚለው ወሬ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ የገባው መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ ነው። ያመጣው መለዋወጫ ሊገዛ ከባሱንዳ የመጣ የትራክተር ሹፌር ሲሆን፣ እሷ ሱቅ ከመድረሱ በፊት ለጎማ ጠጋኙም ለሻይ ሻጯም ነግሯቸው ነበር። ያለምወርቅ ከወንበሯ ሳትነሳ ሰማችው። ማን ሞተ አለች። ታምሬ የሚባል ሳሉግ፣ ለእርሻ ሥራ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ የአርማጭሆ ልጅ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ሰሊጥ ሲያርም እባብ ነድፎት። መቼ አለች። ሰኞ ዕለት። ከዚያ በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቀይ መብራቱ በርቶ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እታለም። ቢጠሩበት ቢጠሩበት ሬዲዮው እምቢ አለ። ኋላ ጨሰ አሉ።»

«ጨሰ?»

«ጨሰ። ሰዉ ሁሉ የእሷ ጉልቤ ነው የጨረሰው እያለ ነው።»

ጉልቤ ሠራተኛው ያወጣለት ስም ነው። በየእርሻው ያለችው ትንሽ ሬዲዮ ክረምት ላይ ድምፅዋ በመብረቁ ጩኸት ይዋጣል። በሬዲዮዋና በአንቴናው መካከል ተቀምጦ ያንን ደካማ ድምፅ አሥር እጥፍ አጉልቶ የሚሰደው አምፕሊፋየር ነው ጉልቤ የተባለው። በባሱንዳና በፋሽጋ አምስት እርሻዎች ላይ አምስት ጉልቤዎች አሉ፤ አምስቱንም የሠራቻቸው ያለምወርቅ ናት። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ስልክ አንድ ሳምንት ይሠራል፣ ሦስት ሳምንት ይጠፋል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደግሞ ዋልካው መንገዱን ይዘጋዋል። በእነዚያ ወራት ለታመመ ሰው ትራክተር የሚጠራው በእነዚህ ሳጥኖች ነው።

ያለምወርቅ የመተማ ልጅ ናት። ድንበሩን የተሻገረችው በ1987 ዓ.ም.፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በሐዋታ ሁለት ክረምት ለሠራተኛ ወጥ ሠራች። ከዚያ ገዳሪፍ ገብታ አንድ የሞተር ጥቅለላ ቤት ውስጥ በጽዳት ተቀጠረች፤ በሦስተኛው ወር የወፍጮ ሞተር እየጠቀለለች ነበር፣ ምክንያቱም እዚያ ቤት ውስጥ ቁጥር የማይጠፋት እሷ ብቻ ነበረች። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ኡስታዝ ሙርተዳ የሚባል የሳይንስ መምህር የተቃጠለ ትራንስፎርመር ይዞ መጣ። ሙርተዳ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ነበረው፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቤቱ ተቀምጦ አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር በሬዲዮ የሚያወራ ሰው ነው። የጠቀለለችለትን አገላብጦ አየና በማግስቱ ሌላ ይዞ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት አስተማራት። ጦርነቱ ሲጀመር ልጆቹን ይዞ ወደ ፖርት ሱዳን ሲሄድ መሣሪያዎቹን ትቶላት ሄደ።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ከተጣሉ ሬዲዮዎች ትራንዚስተር ትነቅላለች፣ እኩል ኤሌክትሪክ የሚስቡትን ሁለቱን አጣምራ ትመርጣለች፣ በወፍራም የመዳብ ሳህን ላይ ታስራቸዋለች። ሠርታ ስትጨርስ ወዲያው አትሰድም። «የውሸት አንቴና» በምትለው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ታስጮኸዋለች፤ ይኸውም የሰሊጥ ዘይት በተሞላ ጣሳ ውስጥ የተነከሩ ሬዚስተሮች ሲሆኑ፣ ጉልበቱን ወደ ሰማይ በመልቀቅ ፈንታ ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ዘይቱ መሽተት ሲጀምር ሳህኑን በጣቷ ትነካለች። እስከ አሥር ለመቁጠር ካላስቻላት ፈትታ እንደገና ትሠራዋለች።

ከሁሉ የምትጠነቀቀው ግን ለአንዲት ትንሽ ሪሌ ነው። አንቴናው ሲበላሽ ጉልበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ሪሌዋ ይህን ስታይ ጉልቤውን ታጠፋና ቀይ መብራት ታበራለች። በአምስቱም ክዳን ላይ በራሷ እጅ ጽሕፈት «ቀይ ከበራ አትንኩ» ተብሎ ተጽፏል።

እንግዲህ ጨሰ የሚለውን ስትሰማ ገባት። ሪሌዋ ያልተነካችበት ሳጥን አያጨስም። አንድ ሰው ነክቷል።

በማግስቱ ከባሱንዳ ወደ እርሻው ስድስት ሰዓት ሙሉ በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጓዘች። ሹፌሩ ሊያጫውታት ሞክሮ ተወ። ተሳቢው ጭቃ ውስጥ በሰመጠ ቁጥር የምትናገረውን እንደ አዲስ ታሰናዳለች፤ በሰመጠ ቁጥርም ንግግሩ ይከፋል።

የሬዲዮው ሠራተኛ ደረሰ ይባላል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ የቋራ ልጅ። ከካምፑ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሰላምታውን አልተቀበለችም።

«ሳጥኑን አምጣ።»

ክዳኑን ፈታች። ሁለቱ ትራንዚስተሮች ተሰንጥቀዋል። በሪሌዋ ሁለት እግሮች ላይ፣ ሪሌዋ እንዳታጠፋ፣ አንዲት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥማለች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ደረሰ መሬት መሬቱን አየ።

«እባቡ የነደፈው አንተን ነው እንዴ፣ ምላስህ ላይ?»

ዙሪያውን የቆሙት ሠራተኞች ፊታቸውን አዞሩ። እሷም እንደማይባል አውቃ ነው ያለችው።

«ሽቦ ነው፣ እታለም።»

«ሽቦ መሆኑንማ ዕውርም ዳብሶ ያውቀዋል። ማን አደረገው?»

«እኔ። ረፋድ በአራት ሰዓት ታምሬን አምጥተው እዚህ አስተኙት። ትራክተሩ ባሱንዳ ናፍጣ ሊቀዳ ሄዷል። ሦስት ጊዜ ጠራሁ፣ ሦስቴም ቀይ በራ። ታምሬ ‹ሰሙህ?› ይለኛል። በአራተኛው ሽቦዋን አድርጌ ጠራሁ።»

«ክዳኑ ላይ ምን ይላል?»

«አትንኩ ይላል።»

«ታዲያ?»

ደረሰ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ታዲያማ አንቺው ስታደርጊው አይቻለሁ። ሐምሌ ላይ፣ ልትተክዪው የመጣሽ ዕለት። ዝናቡ ሳይደርስብኝ ልጨርስ ብለሽ ሽቦ ጣል አደረግሽበት፣ ሠራ። ‹ይኸው› አልሽኝ። እምቢ ሲል የሚደረገው እሱ መስሎኝ ነው።»

ሐምሌ አራት ቀን ነበር። አስታወሰችው። አንቴናውን ገና ስላልሰቀለች፣ ለሙከራ ብላ፣ ጉልበቱን ቀንሳ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው ያገናኘችው። ለምን እንደሆነ ለመንገር ሌላ አንድ ደቂቃ ይበቃት ነበር። አልነገረችውም። ስድስት ሰዓት ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር አፏ ውስጥ ቀረ፤ ንዴቷ ግን አልቀረም፤ ማረፊያ ፈልጎ ወደ አንቴናው ዞረ። ለመሆኑ ቀዩ መጀመሪያውኑ ለምን በራ?

አንቴናውን የተሸከመው ስምንት ሜትር የሚሆን የውኃ ቱቦ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሌላ ነገር የለም። ሥሩ ላይ አንድ ቁና የሚያህል አመድ ተከምሯል። ወደ ላይ የሚወጣው የአንቴና ገመድ ደግሞ እስከ ሰው ቁመት ድረስ በጭቃ ተመርጓል።

«ምንድን ነው ይኼ አመድ?»

የመለሰላት አስናቀው ነው፤ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ድሮ ድቁና የነበረው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው። «ደመራ ነዋ። ዓርብ ማለዳ የለኮስነው።»

«እዚህ ላይ?»

«የት ላይ ይሁንልሽ? ዙሪያውን እዪው እስቲ፣ ዛፍ የሚባል አለ? ደመራ መሐሉ ምሰሶ ይፈልጋል። ብረት ደግሞ አይቃጠል። ገመድሽን ዘንግተነው አይደለም፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠን አራት ጣት አድርገን መረግነው። ነክተሽ እዪው፣ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ወዴት ይወድቃል ብለን ብንጠብቅ ብንጠብቅ፣ ደመራውም እንደ እኛው መውደቂያ አጥቶ ቆሞ ቀረ» አለ። ሌላው ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው።

ቢላዋን አወጣች። ጭቃውን አፍርሳ ገመዱን ከጉልበቷ ትይዩ ቆረጠችው። ላዩ ደህና ነው። ውስጡ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ግን ቀልጦ፣ የመሐሉ ሽቦ ከውጪው የሽቦ ጥልፍ ጋር ተጣብቋል። ጭቃው ከፊት እሳቱን ከልክሏል፤ ከኋላ የተደገፈበት ቱቦ ግን ግሎ ከውስጥ ቀቅሎታል። ዓርብ የእርሻው ባለቤት ወኪል ያርፋል፣ ቅዳሜና እሑድ ሠራተኛው ያርፋል፤ ከመስቀል እስከ ሰኞ በሬዲዮው የተጣራ ሰው የለም። ገመዱ ሦስት ቀን ሙሉ ሞቶ ነበር፣ ማንም አላወቀም።

«ገመዴን በጭቃ ከምትጋግሩት» አለችና አልጨረሰችውም። ቁራጩን አስናቀው እጅ ላይ አስቀመጠችለት። «በል እየው። ደረሰ ሲጣራ ድምፁ የቀረው እዚህ ውስጥ ነው።»

ከዚያ ሥራ ጀመረች። የተቀቀለውን ሁለት ሜትር ቆርጣ ጥላ ቀሪውን አገናኘች። የተሰነጠቁትን ትራንዚስተሮች ነቅላ ይዛው በመጣችው ጥንድ ተካች፣ የሚስቡትን ኤሌክትሪክ በቴስተር ለካች፣ ከትራክተሩ ባትሪ መብራት ስባ ሳጥኑን በዘይቱ ጣሳ ላይ አስጮኸችው። ሳህኑን ነክታ እስከ አሥር ቆጠረች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጉልቤው ደህና ነበር። ደህና መሆኑ ራሱ አበገናት። ሦስት ሰዓት ያልፈጀ ሥራ ነው።

ወኪሉ ባቢከር ከአስናቀው ጋር መጣ። የእርሻው ባለቤት ገዳሪፍ ስለሚኖር እዚህ አዛዡ እሱ ነው፤ አማርኛውን የቀሰመው ከሠራተኛው ነው።

«ያ ሲት ያለም፣ ኸላስ፣ ይብቃ። ለሌሎቹ እርሻዎች በሬዲዮ መብረቅ መታው በያቸው። መብረቅ ከአላህ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። እሳት ካልሽ ጸጥታዎቹ ይሰማሉ፤ ሬዲዮውን ይወስዱታል፣ በዓላችሁንም ይከለክሏችኋል።»

«አንተስ?» አለችው አስናቀውን።

«እኔ የምለምንሽ ለሌላ ነው።» አስናቀው ቁራጩን ገመድ አሁንም ይዞታል። «ታምሬ ትክል ድንጋይ እናት አለችው። የመስቀል እሳት ልጅሽን ገደለው ብዬ እንዴት ልላክባት? ደግሞ እወቂው፤ ያንን ጭቃ የረገጠው ታምሬ ራሱ ነው። የእታለምን ገመድ እንዳናቃጥልባት ብሎ።»

ያለምወርቅ መቀመጫ ፈልጋ በናፍጣ በርሜል ላይ ተቀመጠች።

«ለእናቱ የምትልከውን አንተ ታውቃለህ፣ አስናቀው። መብረቅም በላት፣ እባብም በላት፣ እኔ አልመሰክርም። ሬዲዮ ላይ ግን መብረቅ አልልም። አራት ሌላ ቱቦ አለ። አራት ሌላ ደረሰም አለ። አዝመራው ገና ነው፣ እባቡም ገና ነው።»

«ጸጥታዎቹስ?» አለ ባቢከር።

«ይውሰዱት። ሞቶ ከሚቀመጥ ይውሰዱት።»

በሥራ ቀን አምስቱ እርሻዎች የሚጠራሩት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መነጋገሪያውን ከደረሰ ተቀበለች፤ እንዳይሄድ ግን በእጇ ምልክት አጠገቧ አቆመችው።

«ሁላችሁም ስሙ። ያለምወርቅ ነኝ፣ ከባሱንዳው እርሻ። ታምሬ ሰኞ መስከረም ሃያ ቀን በእባብ ተነድፎ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞቷል። ትራክተሩ ከባሱንዳ ሲመለስ፣ ከዚህ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ፣ ሌላ እርሻ ቆሞ ነበር፤ ያልተጠራው ሬዲዮው ስላልሠራ ነው። ያልሠራው ደመራው በአንቴናው ቱቦ ላይ ስለተደመረ ነው። ጭቃ አያድነውም፤ ቱቦው ግሎ ገመዱን ከውስጥ ያቀልጠዋል፣ ከላይ አይታወቅም። ቀይ መብራቱ ይህንን ሲናገር ደረሰ ሪሌዋን በሽቦ አገናኛት፤ ያን ጊዜ ጉልቤውም ተቃጠለ። ደረሰ ይህን ያየው ከእኔ ነው። ሐምሌ አራት ቀን ፊቱ ሳደርገው ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ቀይ ማለት አንቴናው ሞቷል ማለት ነው። ሳጥኑን ተዉትና ገመዱን እዩ። ሌላ ምንም ሽቦ ካላችሁ በእንጨት ላይ ወርውራችሁ ተጣሩ። ጨረስኩ።»

ባቢከር ጥምጣሙን ፈትቶ እንደገና ጠመጠመ። አንዱ እርሻ «ሰምተናል» አለ፣ ሌላውም፣ ሦስተኛውም። ከዚያ ከመብረቁ ጩኸት ሥር፣ እየተቆራረጠ፣ እንዳለችው በእንጨት ላይ በተወረወረ ሽቦ፣ ያለ ጉልቤ የሚናገር የሰው ድምፅ መጣ። ጉዕሽ ነው፤ ከስደተኛ ካምፕ ወጥቶ፣ ከዚህ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችውን የፋሽጋ እርሻ መጋዘን የሚጠብቅ የትግራይ ሰው።

«እታለም… እኛም ቱቦው ላይ ነው ያቆምነው። ቀይ ካበራ ስድስት ቀኑ ነው።»

«ስድስት ቀን? ስድስት ቀን ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ትቆጫለሽ ብለን ፈራን።»

ያለምወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። «የታመመ አለ?»

«አንዲት ልጅ አለች። ወባ መሰለን። ከትናንት ጀምራ ቀና አላለችም።»

ወደ ባቢከር ዞር ሳትል በዐረብኛ ትራክተሩን አስነሳ አለችው። ሰውዬው ሰማዩን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ከዚያ ሹፌሩን እየተጣራ ወጣ።

«ጉዕሽ፣ ትራክተሩ ወደ አንተ እየመጣ ነው። እስኪደርስ ቢላ ያዝ። አሁን የምነግርህን ከሰማህ በኋላ ሬዲዮውን አጥፋ። ገመዱን ከራስህ በላይ፣ እሳቱ ካልደረሰበት ቦታ ቁረጠውና ከዚያ ጀምረህ ከሳጥኑ ጋር አገናኘው። ቁረጥ ስላልኩህ ብቻ አትቁረጥ። የምትቆርጠው ለምን ይመስልሃል? ንገረኝ፣ እየሰማሁህ ነው።»